የአሥራ ሰባት ቁጥር ጠርሙሶች

በእኛ ከተማ በቦጎር ኢድ መጥቶ አፉ ሳይባባል የሚቀር ሰው የለም። ተኳርፎ የከረመውም፣ ተዋዶ የከረመውም፣ በበዓሉ ማግስት በግብርና ምርምር ተቋማችን አዳራሽ ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው ይሰለፋል። እጅ ለእጅ ይያያዛል። «በውጭም በውስጥም የበደልኩዎትን አፉ ይበሉኝ» ይላል አንዱ፣ «እኔንም አፉ ይበሉኝ» ይላል ሌላው፣ ከዚያ ቀጣዩ ይመጣል። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ሰዓት ይቅር ይባላል ማለት ነው። ምን እንዳጠፋ የሚናገር የለም። የሚጠይቅ ቢኖርማ ባለጌ ነው የሚባለው። ወጣቶቹ ደግሞ ነገሩን አሳጥረውታል፤ እንደ ኳስ ውጤት «ዜሮ ለዜሮ!» ይባባሉና ወደ ምግቡ ይሮጣሉ።

ኢቡ ኔንደንም «ዜሮ ለዜሮ» ማለት ትወድ ነበር። ኢቡ የምንለው ወይዘሮ እንደማለት ነው፣ ለወንድ ደግሞ ፓክ እንላለን። ሰልፉ ያደክማታል። እግሯን ያማታል፣ ደግሞም ሁልጊዜ የሚጣደፍ ጽሑፍ ጠረጴዛዋ ላይ ይጠብቃታል። ለስሟ ቤተ ሙከራ አላት፤ በኮሪደሩ መጨረሻ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፣ አንዱ ያፈሳል። በማያፈሰው ክፍል ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ በመደርደሪያው ላይ ጠርሙስ፣ በጠርሙሱ ውስጥ አውራ ጣት የምታክል የሙዝ ቡቃያ አለች። ሠላሳ ዓመት የለፋችው ለእነዚህ ነው።

የጋሩት ባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ ልጅ ነች። ልጅ ሆና ጓሯቸው ሙዝ በሙዝ ነበር። አንድ ዓመት ቅጠሉ ይጠወልግ ጀመረ። አባቷ አንዱን ፍሬ በቢላ ሰነጠቀው፣ ከውስጡ ቀይ ፈሳሽ ተንጠባጠበ። እኛ ይህን በሽታ የደም በሽታ ነው የምንለው፤ መድኃኒት የለውም። አባቷ ጓሮውን ሙሉ ቆርጦ አቃጠለና ሳምንት ሙሉ ሰው አላነጋገረም። ኔንደን ተምራ፣ ውጭ አገር ደርሳ፣ ዶክተር ተብላ ስትመለስ ሌላ ሥራ ያማረጧት ነበሩ። እሷ ግን ሙዝ አለች፣ ሙዝ ብቻ።

ማንግ ኦሊህን ያገኘችው ያኔ ነው። ማንግ የምንለው አጎት እንደማለት ነው፤ ትልቅ ትንሹ ሁሉ እንዲያ ይጠራዋል። ሲቀጠር ወለል ጠራጊ ነበር። እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። ቡቃያዎቹ በየሁለት ወሩ ከጠርሙስ ወጥተው፣ ተቆርጠው፣ አዲስ ምግብ ወዳለበት ጠርሙስ መዛወር አለባቸው። አንዲት የሻጋታ ብናኝ ከገባች አለቀላቸው። እሱ ከዶክተሮቹ ሁሉ አሳምሮ ያዛውር ነበር፣ እያንሾካሾከም ያወራቸው ነበር። «እስቲ አንቺ ደግሞ ተነሺ፣ አትለግሚ» ሲል ትሰማውና ትስቃለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኮንትራት ሠራተኛ ሆኖ ኖረ። በየታኅሣሡ ኮንትራቱ የሚታደሰው እሷ የምርምር ገንዘብ ስታገኝ ብቻ ነው።

አሥራ ሰባት ቁጥርን ያገኙት አብረው ነው። በሱ ሞተር ሳይክል፣ እሷ ከኋላ ተፈናጥጣ፣ ፓሲር ቻዉ የሚባል ኮረብታ ወጡ። መንደሩ ሙሉ ሙዙ ሞቷል። በአንዲት መበለት ጓሮ ግን አንድ ቁጥቋጦ ብቻውን ለምልሞ ቆሟል። ግንዱ ከታች እስከ ላይ አረንጓዴ ነው፣ ቅንጣት ቅላት የለበትም።

«ውሰዱት» አለች መበለቲቱ። «ግትር ነው ይኼ። ባሌም እንዲሁ ነበር፣ እሱ ግን ሞተ።»

ኔንደን ከሥሩ የበቀለውን ግልገል ዳቦ እንደያዘች ልጅ ታቅፋ ወረደች። ወደ ስብስቡ ሲገባ አሥራ ሰባተኛ ነበርና ስሙ አሥራ ሰባት ሆኖ ቀረ። በበሽታው የተበከለ ማሳ ላይ ተከሉት፣ አልሞተም። ደገሙት፣ አልሞተም። ቤተ ሙከራው ከዚያ ወዲህ የኖረው በሱ ነው ቢባል ውሸት የለበትም።

ገንዘብ ሰጪዎቹን ደግሞ እግዜር ይይላቸው። አንድ ዓመት ስለ ምግብ ዋስትና ካልጻፋችሁ አንሰማም ይላሉ። በሚቀጥለው ስለ አየር ንብረት። በሚቀጥለው ደግሞ ዲጂታል የሚል ቃል ከሌለበት ማመልከቻው አይከፈትም። ሙዙ ያው ሙዝ ነው፣ ስሙን ግን በየዓመቱ ትቀይርለታለች። የተፈቀደው ገንዘብ የሚመጣውም የመትከያው ወቅት ካለፈ በኋላ ነው፣ እስከ ታኅሣሥ ካልተጨረሰ ደግሞ ይመለሳል። ባሏ ፓክ አቼፕ ይስቅባት ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ሳይንቲስት ነሽ ወይስ ጸሐፊ?» ይላታል። «ጸሐፊ» ትለዋለች፣ «ሳይንቲስቱ ኦሊህ ነው።»

አቼፕ የሞተው የዛሬ አምስት ዓመት በጾሙ ወር ነው። ልቡ ነው፣ ድንገት። ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። በዚያው ሳምንት በከተማው ላይ ከባድ ዝናብ ጥሎ መብራት ለሁለት ቀን ጠፍቶ እንደነበር ስትሰማ ልብ አላለችውም። ስትመለስ ክፍሉ ንጹህ ነው፣ ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ጠርሙሶቹ በየቁጥራቸው ተደርድረዋል፣ ጣሪያው ላይ አዲስ መብራት ተገጥሟል። ማንግ ኦሊህን አመሰገነችው። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

ከዚያ ኢድ ሆነ። ማንግ ኦሊህ በሰልፉ ደርሶ እጇን ሲይዝ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ጎንበስ ብሎ «አፉ ይበሉኝ ኢቡ፣ በውጭም በውስጥም፣ አፉ ይበሉኝ» አለ፣ እጇን አልለቅ አለ። ለአቼፕ የሚያለቅስ መሰላትና እሷም አለቀሰች። «አፉ ብዬሃለሁ ማንግ፣ እኔንም አፉ በለኝ» አለችው። ከኋላ የቆመው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሰልፉ ቀጠለ።

በሁለተኛው ሳምንት ለገንዘብ ሰጪው የሚሄደውን ሪፖርት እየጻፈች ፎቶ ለማንሳት ከአሥራ ሰባት አንድ ጠርሙስ አነሳች። የቡቃያዋ ሥር ላይ ትንሽ ቅላት አለ። ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። በአዲሱ መብራት ይሆናል አለች፣ ብርሃን ሲበዛ ቡቃያ ይቀላል። መለሰችውና ሌላ ጠርሙስ ፎቶ አነሳች። ሪፖርቱ ለዓርብ ነበር የሚፈለገው።

ሦስት ዓመት አለፈ፣ ሦስት ኢድ። ማንግ ኦሊህ በየዓመቱ እጇን ይዞ ከሌላው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማል፣ እሷም «ዜሮ ለዜሮ ማንግ!» እያለች ትከሻውን ትመታዋለች። በአራተኛው ዓመት ትልቁ የማሳ ሙከራ ደረሰ። ከበሽታው ጋር የተተከለው አሥራ ሰባት በስምንተኛው ወር ጠወለገ። ፍሬውን ስትሰነጥቀው ያ ከልጅነቷ የምታውቀው ቀይ ፈሳሽ ቢላዋ ላይ ወረደ። አንዱም አልተረፈም።

ዝናቡ በዝቶ ነው አለች። አፈሩ ነው አለች። ለአምስት ዓመት የሚሆን የገንዘብ ማመልከቻ ጃካርታ ልካ ስለነበር ሌላ ምን ትበል? ቤተ ሙከራው የሚቆመው ወይም የሚዘጋው በዚያች ማመልከቻ ነው። ዳይሬክተሩም በግልጽ ነግሯታል፤ ገንዘቡ ካልመጣ ክፍሎቹ ለሌላ ይሰጣሉ። ከጃካርታ የተመለሰው ደብዳቤ ግን አንድ ነገር ጠየቀ። በጠርሙስ ያለው አሥራ ሰባት ከኮረብታው የመጣው መሆኑ በዲኤንኤ ይረጋገጥና ማስረጃው ይላክ።

ይኼ ቀላል ነው። ከኮረብታው የመጣው ቅጠል ደርቆ ፖስታ ውስጥ ተቀምጧል። ከእሷ ጋር የምትሠራው ብቸኛ ተመራማሪ፣ ዊዲያ፣ ናሙናውን ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ዊዲያ በር ላይ ቆማ መግባት ፈራች።

«ኢቡ፣ አይገጥምም።»

«ምኑ ነው የማይገጥመው?»

«በጠርሙስ ያለው ከደረቁ ቅጠል ጋር አይገጥምም። የሚገጥመው ከአሥራ ስምንት ጋር ነው። ሦስቴ አስደግሜዋለሁ።»

አሥራ ስምንት ተራ የገበያ ሙዝ ነው፣ ከሥሩ ቀላ የሚል። ኢቡ ኔንደን ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ጠርሙሶቹ ክፍል ሄደች። ማንግ ኦሊህ ሥራ ላይ ነው፣ ጓንቱን አድርጓል።

«ማንግ፣ አሥራ ሰባት የት ሄደ?»

መቆንጠጫውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ምን አሉ እንኳ አላላትም።

«ሞተ ኢቡ።»

«መቼ?»

«ፓክ አቼፕ ያረፉ ሳምንት። መብራት ጠፋ፣ ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ውሃ በጣሪያው ገባ። እኔም እርስዎ ቤት ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ስመለስ የዚያ መደርደሪያ ጠርሙስ ሁሉ ሻግቷል። አንድ አልተረፈም። አንድ!»

«ታዲያ በአሥራ ስምንት ሞላኸው?»

«ባልዎን ቀብረው በሳምንቱ መጥተው ባዶ መደርደሪያ እንዲያዩ? አልቻልኩም ኢቡ፣ አንጀቴ እምቢ አለ። ለጊዜው ነው ብዬ ነው እኮ። ኢዱ እንዳለፈ ፓሲር ቻዉ ሄጄ ከእናቱ ሌላ ግልገል አመጣለሁ፣ ማንም አያውቅም አልኩ።»

«እና?»

«ሄድኩ። ኮረብታው የለም። በዶዘር ጠርገው የሀብታም ቤት እየሠሩበት ነው። የመበለቲቱ ጓሮ የነበረበት ላይ የመዋኛ ጉድጓድ ተቆፍሯል።»

ኢቡ ኔንደን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እሱም ጓንቱን ሳያወልቅ እጆቹን ወደ ላይ እንዳደረገ ቆመ፣ እንዳይቆሽሹ የለመደበት ነው።

«አራት ዓመት ኦሊህ! አራት ዓመት ሙሉ እንዴት አትነግረኝም?»

«ነግሬዎታለሁ እኮ።»

«መቼ ነው የነገርከኝ? አብደሃል እንዴ?»

«በኢድ። እጅዎን ይዤ አፉ ይበሉኝ አልኩ። እርስዎም አፉ ብዬሃለሁ አሉኝ። ስላልበረደልኝ በዓመቱም ጠየቅኩ፣ በዓመቱም አፉ አሉኝ።»

«ማንግ! እሱን እኮ ሁሉም ነው የሚለው!»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔ ግን የምሬን ነበር።»

ልትቆጣ ጀምራ ተወችው። እሱ ጠያቂ አጥቶ እንጂ ቢጠየቅ ኖሮ ያን ቀኑኑ ይናገር ነበር። ይኼን ታውቃለች።

ዊዲያ መንገድ አለ አለች፤ ማመልከቻውን እናውጣና ሌላ ዝርያ ይዘን በሚቀጥለው ዓመት እንግባ። የሚቀጥለው ዓመት የለም፣ ክፍሎቹ ከዚያ በፊት ይወሰዳሉ። ኢቡ ኔንደን ጃካርታ ሄዳ እውነቱን ልትናገር ወሰነች። ሰው ሁሉ ጀግና ነሽ አላት። እኔም ያኔ ከሰሙት ነበርኩና ብያታለሁ፣ አልዋሽም።

ገምጋሚዎቹ አምስት ነበሩ፣ ፊት ለፊታቸው በሳጥን የቀረበ ምሳ አለ፣ አንዱ እየበላ ነበር። ሁሉን ተናገረች። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ።

«የሚያሳዝን ነው ዶክተር። ማነው ያደረገው?»

«ቴክኒሺያናችን።»

«ስሙ ይመዝገብ። እርስዎ ዝርያው መለወጡን መቼ አወቁ?»

«በዚህ ወር» አለች።

ሊቀመንበሩ ጻፈው። በመልካም ሁኔታ አሰናበቷት፣ ግልጽነቷን አደነቁ፣ ገንዘቡን ከለከሉ። በወሩ ለተቋሙ ደብዳቤ ደረሰ። የማንግ ኦሊህ ሙሉ ስም ሁለት ቦታ ተጽፎበታል። ኮንትራቱ አልታደሰም፣ ኮንትራት ሠራተኛ ነውና ጡረታ የሚባል ነገርም የለውም። ኢቡ ኔንደንን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ሰጧት። ጥቂት ወራት ቁጭ ብላ ከዚያም በቃኝ ብላ ቤቷ ገባች።

ደንቡ ቡቃያዎቹ ከመጣላቸው በፊት በእንፋሎት ድስት መቀቀል አለባቸው ይላል። ያን የሚያውቅ ከማንግ ኦሊህ በቀር ሌላ ሰው የለም። የመጨረሻ ሥራው እሱ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠርሙሶቹን በየተራ እያስገባ ቀቀላቸው፣ ሁሉንም፣ ከአንድ ቁጥር ጀምሮ። ግቢው የተቀቀለ ሙዝ ሸተተ። መንገድ የሚያልፉ ሰዎች ማን ነው የሚያበስለው፣ እንዴት ያስጎመጃል ይሉ ነበር። ኢቡ ኔንደን በኮሪደሩ ጫፍ ቆማ አየችው። ልትጠጋው ፈልጋ ነበር፣ አልሆነላትም።

ዘንድሮ ኢድ ሲሆን በአዳራሹ ሰልፍ ሁለቱም የሉም። እሷ ቤቷ በቅጠል ተጎንጉኖ የተቀቀለውን ሩዝና የዶሮ ወጡን አቅርባ የሚመጣ እንግዳ ትጠብቃለች። ረፋዱ ላይ የሞተር ሳይክል ድምፅ ሰማች። ማንግ ኦሊህ ነው፣ የራስ ቁሩን ታቅፏል፣ በእጁ ሞቅ ያለ የወረቀት ከረጢት ይዟል።

«የተጠበሰ ሙዝ ነው» አለ። «አሁን ባቡር ጣቢያው በር ላይ እሸጣለሁ። አያምኑኝ ይሆናል እንጂ ደንበኛም አለኝ!»

ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ።

«አፉ ይበሉኝ ኢቡ፣ በውጭም በውስጥም።»

ኢቡ ኔንደን እጁን አጥብቃ ያዘችው። «ለምኑ?» አለች።

ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። እሷ ግን ጠበቀች፣ እሱም ተናገረ። ጠርሙሶቹን ሲከፍት የሸተተውን፣ ከአሥራ ስምንት እየቆረጠ ሲሞላ እጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ፣ ኮረብታው ላይ ሞተሩን አቁሞ እንዳለቀሰ፣ ምንም ሳያስቀር ነገራት። ሲጨርስ ወጡ በርዷል።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለች። «የምሬን ነው። እኔንም አፉ በለኝ ማንግ።»

እሱ ተንኮል አያውቅም። አሁን ወጉ እንዲህ ከሆነ ብሎ ነው። «ለምኑ ኢቡ?» አላት።

ለዚህ ተዘጋጅታበት ነበር። «አይቼው ነበር። ያን ዓመት፣ ከኢዱ በኋላ፣ ጠርሙሱን አንስቼ ሥሩ ላይ ቅላቱን አይቻለሁ። አሥራ ሰባት አይቀላም፣ አንተም ታውቃለህ እኔም አውቃለሁ። በመብራቱ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። መብራቱ እንዳልሆነ ያን ቀኑኑ አውቄያለሁ። ሪፖርቱ ነበረብኝ። ጠይቄህ ቢሆን ትነግረኝ ነበር፣ እንዳትነግረኝ ነው ያልጠየቅኩህ።»

ማንግ ኦሊህ እጁን ከእጇ ቀስ አድርጎ አወጣ።

«ጃካርታ ሲናገሩ ይኼንን ነግረዋቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ደብዳቤው ላይ የኔ ስም ብቻ ነው ያለው።»

«አዎ።»

«ልጄ አንብባዋለች» አለ። «አባዬ፣ አንተ ነህ እንዴ የኢቡን ቤተ ሙከራ ያፈረስከው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ሌላ ሰው ያለ አልመሰለኝማ።»

ጎረቤት ውስጥ ሰዎች እየተሳሳቁ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ኢቡ ኔንደን «ዜሮ ለዜሮ» ይለኛል ብላ ፊቱን አየች፤ ያን ብቻ ቢላት በወደደች። እሱ የራስ ቁሩን ከወንበሩ አነሳ።

«ዛሬ ዜሮ ለዜሮ አንባባልም» አለ።

«አንባባልም።»

በሩ ላይ ጫማውን አድርጎ ወደ ውጭ ወጣ፣ ከዚያ ዞር አለ። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጽፉ አይቻለሁ ኢቡ። እስቲ ይኼንንም ይጻፉት። ለተቋሙም፣ ጃካርታም። አንድ ቅጂ ለልጄ ይሁን።»

ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ኢቡ ኔንደን ሳህኖቹን ወደ ጎን ገፍታ ወረቀት አመጣች። ቀኑን ጻፈች፣ የሱን ሙሉ ስም ጻፈች፣ ከሥሩ «አይቼው ነበር» ብላ ጀመረች። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሙዝ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከዚያ ቃል አላለፈችም።